ወደ አንገት የወጣው ጥለት

ውቢት ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ስትገባ፣ ዕድላዊት ገና ፊቷን አይታ ነገር እንዳለ አወቀች። ውቢት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ዳር አጠገቧ ሙዝና ማንጎ የምትቸረችር ጓደኛዋ ናት፤ ወሬ ሲይዛት ከሩቅ ያስታውቅባታል።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለች።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።» እውነቷን ነው። አባቷ ዶርዜ ላይ የሚሸምኑትን ጋቢ እሷ እዚህ ከተማ ትሸጣለች፤ ያን ቅዳሜም ከጠዋት ጀምሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዘርፍ ስትቋጭ ነበር።

«ቴዎ የሳለሽን ሥዕል አይተሽዋል?»

«ኤግዚቢሽኑ ዛሬ አይደል የተከፈተው? ከሰዓት ልሄድ ነው።»

«እንግዲያው ሳትሄጂ ይህን እዪ።»

ግማሹ የአርባ ምንጭ ወጣት በሚንጫጫበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ፎቶ ተለጥፏል። ነጭ ወረቀት ላይ በከሰል የተሳለች፣ በጎን የተቀመጠች ሴት ናት። ፎቶውን ያነሳው ሰው ጭንቅላቷንና አንገቷን ቆርጦ ጥሎታል። የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከትከሻ ይነሳል፣ ጀርባን ተከትሎ ይወርዳል፣ ወገብ ጋ ሲደርስ ድንገት ይጠፋል፣ ከዚያ ተረከዝ ጋ ብቅ ይላል። የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። ከሥሩ «የዶርዜው ሸማኔ ልጅ ራቁቷን» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለት መቶ ሰው ስቆበታል።

ዕድላዊት ስልኩን መለሰችላት። ጆሮዋ ጋለ። «ጋቢ ለብሼ ነው የተሳልኩት። እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንቺ እዚያ ሙዝ እየመዘንሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ። የማያውቀው ወረቀቱ ነው።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዕድላዊትና ቴዎ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ቴዎ ኮሌጅ ውስጥ ሥዕል ያስተምራል። አባቱ አቶ ባዘዘው ከጎጃም መጥተው ሠላሳ ዓመት አርባ ምንጭ የኖሩ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው በጡረታ የወጡ፣ ሴቻ ሰፈር ግቢያቸው በቡገንቪላ የታጠረ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሽማግሌ እንዲልኩለት ሲጠይቃቸው «የእኔ ሽማግሌ የሸማኔ ደጅ አይጠናም» አሉት። ይህን ሲሉ የለበሱት ጋቢ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አልጠየቁም። ቃሉ ግን ዳገቱን ወጥቶ ዶርዜ ደረሰ። የዕድላዊት አባት አቶ አጵሎስ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ አገልጋይ፣ «ለናቀኝ ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ልጆች የሚገናኙት በዚህች ሱቅ፣ ሰው እያየ፣ ጋቢ በመግዛትና በመሸጥ ሰበብ ነው። ቴዎ በሁለት ዓመት ስንት ጋቢ እንደገዛ ቢቆጠር አገር ያለብሳል።

ስልኳ ጮኸ፤ አባቷ ናቸው። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በዶርዜ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ግን ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ሰው የሚለውን ሰማሁ። ነገ ምእመኑ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። ልጄ፣ ልብስ ነበረሽ?»

የሁለት መቶ ሰው ሳቅ ያልጎዳትን ያህል ይህች ጥያቄ ጎዳቻት። ድምጿን ግን አላወረደችም። «አባ፣ እኔን አትጠይቀኝ። ና ውረድና በዓይንህ እይ። ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ታገኘኛለህ።»

ስልኩን ስትዘጋ ውቢት አፏን ከፍታ ታያታለች። «አባትሽን? እዚያ ሥዕል ፊት?»

«ብደበቅ እውነት ይመስላል። ምን ስላጠፋሁ ነው የምደበቀው?» አለችና የሱቁን በር ቆለፈች። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ልቧ የሚመታው ከፍርሃት አልነበረም፤ ከንዴት ነበር፤ ንዴቱም ደስ አላት።

*

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጫጫታ እሷ ስትገባ ተቆረጠ። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ቴዎ ከወዲያኛው ጥግ ቆሟል፤ አየችው፤ አያት። ሁልጊዜ ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል የሚያቅተው ሰው ዛሬ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የፈራችው።

ሥዕሉ ፊት ቆመች። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያየችው ሁሉም ሰው ያየውን ነው። ለስላሳ መስመር፣ ባዶ ወረቀት፣ ሴት። ፊቱ ደግሞ በእርግጥ የእሷው ነው፤ አገጯን ትንሽ ቀና ማድረጓ እንኳ አልቀረም። ቀረብ አለች። ከዚያ ዓይኗ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ክር ሲቆጥር ያደገው ዓይኗ፣ ሥራውን ጀመረ። ባዶው ባዶ እንዳልሆነ አየች። ነጩ ወረቀት ነጩ ጋቢ ነው። መስመሩ የጀርባዋ አይደለም፤ በጀርባዋ ላይ የወረደው የጋቢው ጠርዝ ነው። ቴዎ ከአንገቷ እስከ ተረከዟ አልብሷታል። ያለበሳት ባለመሳል ነው። ደረቷ በኩራት ሞላ፤ ዞራ ልትስቅበት፣ ልትሰድበው፣ ከዚያም ልታመሰግነው ፈለገች።

ሳትዞር ግን ፎቶ ያነሳው ሰው ቆርጦ የጣለውን ቦታ አየች። አንገቷ ሥር ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ሄደዋል። ጥለት ናቸው።

እሷ ስትሳል ጥለቱን እግሯ ላይ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። እንዲያውም ጎንበስ ብሎ ያስተካከለላት ራሱ ቴዎ ነው። ታዲያ ጥለት ወደ አንገት የሚወጣው መቼ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሰው ሲሞት ነው፤ ለቅሶ ሲኬድ ነው። ቴዎ ከእግሯ ላይ ጥለቱን አንስቶ አንገቷ ሥር አስቀምጦታል፤ እጁ ስቶ አይደለም፣ መስመሮቹ በጥንቃቄ የተሰመሩ ናቸው። እንግዲህ ለማን አለቀሰ? የሞተ ሰው የለም። የሞተው ነገር ምን እንደሆነ ሲገባት አጠገቧ የነበረውን ወንበር ጨበጠች።

ከኋላዋ አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። አቶ ባዘዘው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው የአዳራሹን ኃላፊ አፋጠውታል። «ይህ ነገር አሁኑኑ ይውረድ። የልጄ ስም ነው የሚጎድፈው። ራሷን መሸፈን ያቃታት ልጅ የኛን ስም ይዛ አትወድቅም።»

«ራሷን አልሸፈነም ያለው ማነው?»

ይህ ደግሞ የአቶ አጵሎስ ድምፅ ነው። ጫማቸው ላይ የዶርዜ ጭቃ ገና አልደረቀም። የሚያውቋቸው ሰዎች ሰላም ሊሏቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሳቸው ግን ማንንም ሳይጨብጡ ቀጥ ብለው ወደ ሥዕሉ ሄዱ። ዕድላዊት አጠገባቸው ቆመች፤ አላየቻቸውም፤ እሳቸውም አላዩዋትም። ሽማግሌው ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ተመለከቱ። ጣታቸውን ሳያስነኩ በመስመሩ ላይ አሳለፉ።

«ይህ ጋቢ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አራት ድርብ። የእኔ ሥራ።»

አንድ ወጣት ሳቅ አፈነው። «ጋቢው የታለ አባ? ባዶ ወረቀት አይደል እንዴ?»

«ነጭ ልብስ በነጭ ወረቀት ላይ በምን ይሳልልህ? ነጠላ ቢሆን እዚህ ትከሻ ላይ ይሸበሸብ ነበር፣ እዚህ ክርኑ ጋ ይሰበር ነበር። ጋቢ አይሰበርም። ዝም ብሎ ይወርዳል። የሰው ጀርባ እንዲህ አይወርድም፤ የሰው ጀርባ አጥንት አለው። እዚህ ወገቡ ጋ መስመሩ የጠፋው ደግሞ ጋቢው ወንበሩ ላይ ተኝቶ ነው። አርባ ዓመት ሸምኛለሁ፤ የሸመንኩትን አላጣውም። ልጄ ለብሷል።» አማርኛቸው ሲቸኩሉ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልሳቀባቸውም።

ዕድላዊት የአባቷን እጅ ያዘች። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ ወደ አንገቱ አመለከቱ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ጥለቱን ማን ወደ ላይ አወጣው? ማነው የሞተው?»

«እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው» አለች ዕድላዊት፣ ወደ ጥጉ ዞራ። «ቴዎ፣ እኔ ጥለቱን እግሬ ላይ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። አንገቴ ላይ ያወጣኸው አንተ ነህ። የማን ለቅሶ ላይ ነው ያስቀመጥከኝ?»

የመለሱት የቴዎ አባት ናቸው። «አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል። ሰኞ ጠዋት ይበራል። ነገሩ ይኸው ነው፣ አለቀ።»

ሰኞ፤ ከነገ ወዲያ። ዛሬ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት፣ ትናንት ደውሎ «ነገ ሥዕሉን ታዪዋለሽ» ሲላት፣ ያን ጊዜ ሁሉ ትኬቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። እንባዋ መጣ። ሰው ፊት አላወርደውም ብላ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ልነግርሽ ነበር» አለ ቴዎ። «በየቀኑ ልነግርሽ ሱቅ እመጣለሁ፤ ሳይሽ ያቅተኛል። ስስልሽ እጄ ነው…»

«እጅህማ ነግሮኛል። አፍህ የት ሄዶ ነበር?» ድምጿ ተሰንጥቆ ነበር፤ ግን ጨመረች እንጂ አልቀነሰችም። «አገሩ ሁሉ ራቁቷን ናት ሲለኝ አልከፋኝም፣ ቴዎ። መልበሴን አውቃለሁ። የከፋኝ አንተ ያለበስከኝ ልብስ ነው። በቁሜ ቀበርከኝ፤ ደግሞ አሳምረህ ቀበርከኝ፣ ሰው እንዲያደንቅልህ ግድግዳ ላይ ሰቀልከኝ። እኔ አልሞትኩም። ለሁለት ዓመት ስወድህ አንድ ቀን አልፈራሁም። የፈራኸው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ለቅሶው የአንተ ነው፣ ራስህ ልበሰው።»

ቴዎ ግድግዳውን ተደገፈ። የተመታ ሰው ይመስል ነበር። ልታዝንለት ምንም አልቀራትም፤ ቢሆንም አላዘነችለትም።

ወደ አባቱ ዞረች። «ጋሽ ባዘዘው፣ ሥዕሉ አይወርድም። የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ካላፈርኩ እርስዎ በምን ያፍራሉ? የሸማኔ ደጅ አልጠናም ብለዋል አሉ። አይጥኑ። የለበሱትን ጋቢ ግን አባቴ ነው የሠራው፤ ሲያወልቁት ይመልሱልን።»

አቶ ባዘዘው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። ዕድላዊት የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ፣ ዘርግታ፣ ሰው ሁሉ እያያት ጥለቱን ወደ እግሯ አድርጋ ለበሰችው። ከዚያ ከአባቷ ጋር ወጣች። በሩን እስኪያልፉ አገጯን ቀና አድርጋ ሄደች፤ ዶርዜ መንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ግን የአባቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ፣ ጠመዝማዛው ዳገት እስኪያልቅ ድረስ አለቀሰች።

*

ሰኞ ማታ ላይ ዶርዜ ደብዳቤ መጣላት። ያመጣችው ውቢት ናት፤ ለገበያ በወጣች መኪና ተሳፍራ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች። «እኔ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ?» እያለች ሰጠቻትና ለማየት ቆመች።

«ዕድል፣» ይላል ደብዳቤው፤ «ዛሬ ሰኞ ነው። አውሮፕላኑ ሄዷል፤ እኔ አልሄድኩም። አባትሽ መስመሩ ወገብሽ ጋ የጠፋው ጋቢው ወንበር ላይ ተኝቶ ነው አሉ። ሰው ፊት ያከበሩኝ እሳቸው ናቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እዚያ ስደርስ እጄ ተንቀጥቅጦ ከሰሉ ወደቀ። ላነሳው አልደፈርኩም፤ ባዶውን ተውኩት። ሰው ሲያየው ጥበብ መሰለው። እኔ ግን ሳየው የሚታየኝ ፍርሃቴ ነው። ጥለቱንም ያወጣሁት በሕይወት እያለሽ አንቺን ማጣት ምን እንደሚመስል ላየው ብዬ ነው። አየሁት። አልችለውም። ይቅር በዪኝ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሁለተኛው ላይ ፊቷን ውቢት እንዳታይባት ዞረች። ከዚያ እስክሪብቶ ፈልጋ በጀርባው ጻፈች። «አንብቤዋለሁ፤ ቆንጆ ነው። አንተ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ቆንጆ ነህ። አፍ ካለህ ግን የአባቴ ቤት በር አለው።»

«ይህን ብቻ?» አለች ውቢት።

«ይህን ብቻ።»

ውቢት ስትሄድ ዕድላዊት ደጅ ቀረች። ጠንክራ የጻፈችውን ያህል ልቧ ጠንካራ አልነበረም። ባይመጣስ? ባይመጣ መቼም ሁለተኛ አታነሳውም፤ ይህን ወስናለች። ውሳኔው ግን እንዳመማት ነው።

*

ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ጉሙ እንሰቱ ላይ ወርዶ፣ አቶ አጵሎስ እግራቸውን ሸማው ሥር ባለችው ጉድጓድ ሰደው ሲሸምኑ፣ አንድ ሰው ከግቢው በር ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ገበያ የሚወጣው መኪና ዳገቱ ላይ ተሰብሮበት ቀሪውን በእግሩ ወጥቶታል። ብቻውን ነው።

ዕድላዊት ከቀርከሃው ግድግዳ ኋላ ሆና አየችው።

«እንደምን ዋሉ አባ» አለ ቴዎ።

አቶ አጵሎስ መወርወሪያውን አላስቀመጡም። «ደህና ነን። ምን ፈለግህ?»

«ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ሽማግሌዎችህ የት አሉ?»

«የሉም። አባቴ አልልክም አለ። ጓደኞቹም እሱን ፈርተው እንቢ አሉኝ፤ ሁለት ቀን ስለምናቸው ነበር። እኔው ነኝ።»

«ሰው ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል? እናንተ አገር እንዲህ ነው?»

«የትም አገር እንዲህ አይደለም አባ። አውቃለሁ።» ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቋረጠም። «ልጅዎን ሰው ፊት አሳፍሬአለሁ። ፈርቼ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፤ እየፈራሁ ነው የመጣሁት።»

«አባትህ ምን አለ?»

«የሸማኔ ደጅ ከረገጥክ የእኔን ቤት አትረግጥም አለኝ።»

«ታዲያስ?»

ቴዎ እግሩን አነሳ፤ ደጃፉን ተሻግሮ በጭቃ ጫማው ግቢው ውስጥ ቆመ። «ይኸው ረገጥኩት» አለ።

አቶ አጵሎስ ጫማውን አዩ። ከዚያ ወደ ሸማቸው ተመለሱ። መወርወሪያው አንዴ ሄደ፣ አንዴ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ዕድላዊት የቀርከሃውን ግድግዳ በሁለት እጇ ጨብጣለች። አንድ ቃል ብቻ፣ «ሂድ» የምትል አንድ ቃል፣ ሁሉን ነገር ታበቃው ነበር። ብታበቃውም እሷ ከዚያ ግድግዳ ኋላ ወጥታ፣ ከአባቷም ቢሆን ተጣልታ፣ አብራው ዳገቱን ለመውረድ ቆርጣለች። እግሯ ተነስቷል።

«እሑድ አገልግሎት አለብኝ» አሉ አቶ አጵሎስ፣ ዓይናቸውን ከክሩ ላይ ሳያነሱ። «የልጅ ነገር ደግሞ በአንድ ሰው ቃል አይቆረጥም። ከዘመድ ጋር እንማከራለን። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመለስ።»

ቴዎ መጀመሪያ የተባረረ መሰለው፤ ትከሻው ወረደ። ቀጥሎ ቃሉ ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ይህ የእንቢታ ቃል አይደለም። ለማይፈልጉት ሰው ቀን አይቆረጥለትም። ጋቢ የለበሱ ሦስት አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ደጅ ሲቆሙ፣ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን የሚመልስላቸው ቃል ይኸው ነው። አንድም ሳይቀነስ፣ አንድም ሳይጨመር።

«እመለሳለሁ አባ» አለ ቴዎ።

ዕድላዊት ልትሮጥ ፈለገች። ስሙን ልትጠራ፣ ጭቃውን ከሱሪው ልትጠርግለት፣ ለሦስት ቀን ያስጠበቃትን ልትሰድበው ፈለገች። ግን አልወጣችም። ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅቷ ደጅ አትወጣም። ከተማውን ሁሉ፣ ጋሽ ባዘዘውን ሁሉ፣ የገዛ አባቷን ሳይቀር የተዳፈረች ልጅ ይህችን አንዲት ወግ ልጠብቅ አለች፤ ምክንያቱም ሽማግሌ መጥቶላታል። ግንባሯን ቀርከሃው ላይ ደግፋ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ ሳቁም ለቅሶውም እንዳይሰማባት እየታገለች፣ የቴዎ ዱካ በጭቃው ውስጥ እስኪርቅ ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።